ረቡዕ ያልተቀመሰ ወጥ

ወንድሜ የሞተው የሠርግ ምግብ በልቶ ነው። ይህችን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ብዕሬን አንስቼ አስቀምጫለሁ። ሰው በወባ ይሞታል፤ ገደል ገብቶም ይሞታል። የእኔ ወንድም ግን፣ ወይፈን ቀንዱን ይዞ የሚጥል ሰው፣ በአንድ ወጭት ወጥ ሞተ። እንዲህ ስል የሚከራከሩኝ አሉ። ይከራከሩ። እኔ የማውቀውን አውቃለሁ።

ታላቄ ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ ቤቱን ያቀናው እሱ ነው። እኔ ደብረ ታቦር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስገባ ስንቄን በአህያ ጭኖ የሚያመጣልኝ እሱ ነበር። ስለ ትምህርቴ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። «ጠገብህ?» ብቻ ነበር የሚለኝ። ለእናታችን ሁለት ልጆች ነን። ነበርን።

ቤታችን ከአርብ ገበያ ወደ ቤተ ልሔም በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የዚያን ዓመት ጥምቀትን ላከብር መጥቼ እቤት ነበርኩ። ወንድሜ ስማዳ ውስጥ፣ ወደ ወገዳ በኩል፣ የሠርግ ጥሪ ነበረበት። ሙሽራው የአበልጃችን ልጅ ስለሆነ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ሊበላ አልሄደም፤ አሳላፊ ሆኖ ነው የሄደ። አሳላፊ ዳሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለሰ እንጀራ ያነጥፋል፣ ወጥ ይጨልፋል፣ ጠላ ይቀዳል። ካህናት ይበላሉ፣ ሽማግሌዎች ይበላሉ፣ አጃቢው ይበላል፣ ጎረቤት ይበላል። እሱ የሚበላው ሁሉም ካበቃ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የድስቱ ሥር ታይቷል።

ሠርጉ ሐሙስ ነበር። ዓርብ ማታ ወንድሜ ቤት ሲገባ በትሩን ተደግፎ ነው። በትር ሲደገፍ አይቼው አላውቅም ነበር። ሲያስመልሰው አደረ፤ ሆዱም አልቆም አለ። ቅዳሜ ጧት ቃሬዛ ሠርተን አርብ ገበያ ካለው የጤና ጣቢያ ድሬሰር ዘንድ አደረስነው። ከሠርጉ አብሮት የተመለሰ አንድ አሳላፊ ጓደኛው፣ እሱም ሆዱን ይዞ፣ ከኋላችን ይከተል ነበር።

ድሬሰሩ ከሩቅ አገር የተመደበ፣ ፈጠን ፈጠን ብሎ የሚናገር ሰው ነው። መርፌውን እያዘጋጀ የወንድሜን ጓደኛ ጠየቀው።

«ምን በላችሁ?»

«የሠርግ ወጥ ነዋ፣ ጌታዬ። የበሬ ሥጋ።»

«መቼ ተሠራ?»

«ረቡዕ።»

«ተበልቶ ያለቀውስ?»

«ሐሙስ፣ ወደ ማታ።»

«እስከዚያ እሳት ላይ ነበር?»

«ኧረ ስንቱ ድስት እሳት ላይ ይውላል! የእኛ ጥግ ላይ ነበር። ሲቀርብ ለብ አደረጉት።»

«ሲሠራ የቀመሰው ሰው ምን አለ?»

ጓደኛው ሕመሙንም ረስቶ ዓይኑን አፈጠጠበት። «ምን ነካዎት ጌታዬ? ረቡዕ እኮ ነው! የሥጋ ወጥ በጾም ማን ይቀምሳል?»

ድሬሰሩ ወንድሜን መርፌ ወጋው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ተማሪ መሆኔን ከለበስኩት ኮት አይቶ መሰለኝ፣ እንዲህ አለኝ፦ «ወጥ ወይ ይንተክተክ፣ ወይ ይቀዝቅዝ። ለብ ብሎ የዋለና ያደረ ሥጋ ነው ሰው የሚጥለው። በርበሬው ሽታውን ይሸፍናል እንጂ መርዙን አይገድልም።»

በእጁ ያለውን ሁሉ አደረገለት። ወንድሜ እሑድ ቅዳሴ ሳይወጣ አረፈ። ስለዚያ ጧት ከዚህ በላይ አልጽፍም። አልችልም።

በለቅሶው ሰሞን ሰው ሁሉ «ቡዳ በላው» ይል ነበር። በዳስ መካከል ወዲያ ወዲህ ሲል፣ ያን ቁመናውን ሲያዩት፣ የሚበላ ዓይን አረፈበት አሉ። እኔ ከለቀስተኛው መካከል ተቀምጬ ድሬሰሩ የጠየቀውን አንድ በአንድ ሳሰላስል ሰነበትኩ። ትምህርት ቤት የጤና አጠባበቅ መምህራችን ስለ ዝንብ፣ ስለ እጅ መታጠብ አስተምሮናል። ስለ ረቡዕ ግን የነገረን የለም። እንዴትስ ይንገረን? በእኛ አገር ሠርግ የሚሆነው አንድም እሑድ፣ አንድም ሐሙስ ነው። የሐሙስ ድግስ ወጥ ደግሞ ረቡዕ ይሠራል። ረቡዕ ጾም ነው። እናም ከመቶ ሰው በላይ የሚበላው ወጥ አንድ ምላስ ሳይነካው ያድራል። ማንም ክፉ አላሰበም። እንዲያውም እግዚአብሔርን ፈርተው ነው።

ጾሙ ዘግይቶ የሚገባበት ዓመት ነበርና የወንድሜ አርባ በቅበላው ሳምንት ዋለ። ሐሙስ። እናቴ ይህን ስትሰማ «ጎሽ፣ በሥጋ ይወጣለታል» አለች። እኔ ግን ሐሙስ ሲባል ያሰብኩት ረቡዕን ነው። የወንድሜን ተዝካር በልቶ አንድ ሰው ቢታመም፣ ይባስ ብሎ ቢሞት፣ ስሙ ከዚያ ሰው ሕመም ጋር ይኖራል። ይህ እንዳይሆን ማድረግ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው ቡዳ ነው ብሎ ተኝቷል።

የድግሱ አዛዥ አክስቴ ነበሩ፤ የአባቴ እኅት። በአካባቢያችን እሳቸው ያልቆሙበት ድግስ አይደምቅም። ስማዳም እስቴም እየተጠሩ ወጥ ይሠራሉ። ለምክር ከእናቴ ጋር ተቀምጠን ሳለ ነገሩን እንደ ልማዳቸው ደረደሩት።

«በሬው ማክሰኞ ማታ ይታረዳል። ረቡዕ ወጡ ይደርሳል። ሐሙስ ከፍትሐት መልስ ገበታው ነው።»

«እትዬ» አልኳቸው፣ «ረቡዕ የተሠራውን ማን ይቀምሰዋል?»

«ማንም! ጨውን በእጄ፣ በርበሬን በዓይኔ አውቃለሁ። አንተ ጥርስ ሳታበቅል ስንት ተዝካር አውጥቻለሁ መሰለህ?»

«ጨው አይደለም የምለው። ቢበላሽ በምን እናውቃለን?»

«አፍንጫ የሌለኝ ይመስልሃል?»

«በበርበሬ ውስጥ አፍንጫ...» ማለት ጀመርኩ። እሳቸው ሳቁ።

«እንግዲህ የአርብ ገበያውን እስላም ነጋዴ ጥራው። ረቡዕን አይጾም፤ ይቅመስልህ!»

እናቴ ከተቀመጠችበት ቀና አለች። «እሱስ የእኛን እርድ መች ይበላና» አለች። ከቀብሩ ወዲህ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያው ቀልድ ነበር። አክስቴ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው እንደገና ሳቁ።

ያን አጋጣሚ ይዤ፣ «እንግዲያው በጾም ወጥ ይሁን» አልኩ። ሳቁ ቆመ።

«በሽሮ? ለዚያ አንበሳ? በቅበላ ሳምንት? አገር ‹ወንድሙ በሬውን ለራሱ አስቀረ› ይበል ነው የምትለው?»

በመጨረሻ ድሬሰሩና የወንድሜ ጓደኛ የተነጋገሩትን፣ ጥያቄውንም መልሱንም፣ እንዳለ ነገርኳቸው። ጥግ ላይ ስለዋለው ድስት ስደርስ አክስቴ ዓይናቸውን ወደ ምድጃው አዞሩ። ተነሥተው ሄዱ። ያስቀየምኳቸው መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ገና ከደጃፍ ሳይገቡ ድምፃቸው ቀደማቸው።

«አንተ ተማሪ! ቁሌቱስ?»

«ምኑ?»

«ቁሌቱ ነዋ! ሽንኩርቱና በርበሬው። ቅቤ ሳይገባው፣ ሥጋ ሳይነካው ረቡዕ ቢበስል እሱ ጾም ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ያለ ሐሳብ እቀምሰዋለሁ። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ በሬው ይታረድ፤ ሥጋው ከቢላዋ ወደ ድስት ይግባ። ከዚያ ወዲያ ማን ይከለክለኛል? ሐሙስ ነው፤ በየደቂቃው እቀምሳለሁ!»

ይህን እኔ በሺህ ዓመት አላስበውም ነበር። እጃቸውን ስሜ፣ ድስቶቹም ከእሳት እንዳይወርዱ ለመንኳቸው። ስለ እንጨቱ አጉረመረሙ። ቆይተው ግን እሱንም ራሳቸው ፈቱት፤ በእንጨት ከፈላ በኋላ በኩበት ፍም ይያዛል፤ አንዱ ድስት ሲከፈት ሌላው ይጣዳል፤ ማንም ከጥግ ድስት አይበላም።

የቀረው አንድ ነገር ነው። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ወንዶች በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ፍትሐት አለ፣ ቅዳሴ አለ። በሬውን ማን ያርዳል? ሥጋውንስ ማን ያወጣል?

«እኔ እቀራለሁ» አልኩ። «ለእርዱ አብረውት ያርሱ የነበሩትን ጓደኞቹን እለምናለሁ።»

እናቴ አየችኝ። «የወንድምህ ስም ሲጠራ አትገኝም?»

ይህ ለእኔም ቀላል አልነበረም። በፍትሐቱ ላይ ካህኑ የክርስትና ስሙን ይጠራል። በቀብሩ ዕለት ሲጠራ ጆሮዬ ደንቁሮ ነበር፤ ምንም አልሰማሁም። የአሁኑን ቆሜ፣ ልቤን ሰብስቤ እሰማለሁ እያልኩ አርባውን ስጠብቅ ነው የሰነበትኩት። ለእናቴ ይህን አልነገርኳትም። ወደ ነፍስ አባታችን ሄድኩ።

አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙኝ።

«ቅዳሴውን እኛ እንቆማለን፤ አንተ ከእሳቱ ዘንድ ቁም» አሉኝ። «ተዝካር ለነዳያን ነው ልጄ። የምትመጸውተው ከሚያሳምም፣ ባትመጸውት ይሻላል።» ከዚያ ፈገግ አሉ። «ብቻ አደራህን፣ ወጥህን አብልተህ የኔንም ተዝካር በዚሁ ዓመት እንዳታስበላ!»

ረቡዕ አክስቴ ቁሌቱን ከጧት ጀምረው አማሰሉ። ዘጠኝ ሰዓት ካልሆነ እሱንም አልቀምስም ብለው ጠበቁ። ሰዓቱ ሲደርስ በእጃቸው መዳፍ ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ፤ ለእናቴ አቀመሱ፤ ለእኔም። «ተበላሽቶ እንደሆነ አሁን ዕወቅ» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። የሚያቃጥል፣ ጣፋጭ፣ ጤነኛ ቁሌት ነበር።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ የወንድሜ የወንፈል ጓደኞች መጡ። አብረው ያረሱ፣ አብረው ያጨዱ ናቸው። ያ ሆዱን ይዞ የተከተለን ጓደኛውም ከነሱ ጋር ነበር። እጃቸውን በፍል ውኃ እንዲታጠቡ ሳዝዝ አንዱ ሳቀብኝ።

«በሬ ልናርድ ነው ወይስ ልንቆርብ?»

«ታጠብ ካለህ ታጠብ» አለው ያ ጓደኛው። እሱ አልሳቀም።

ሥጋው ሲወጣ አክስቴ ከምድጃው ሳይነሡ ይቀበላሉ። ድስቱ ሲንተከተክ ደወሉ ተሰማ። ቤተ ክርስቲያኑ ከኮረብታው ላይ ነው፤ ደወሉ ይሰማል እንጂ የካህኑ ድምፅ አይደርስም። ዕርፉን ይዤ እያማሰልኩ ነበር... ማማሰያውን ማለቴ ነው። ዕርፍ የእሱ ነው፤ የማረሻው መያዣ። እንዲህ እጄ ላይ ነገር ይቀላቀልብኝ ነበር። ደወሉ ቆመ። አሁን እየተጠራ ነው አልኩ። አክስቴ ጭሱን ሰበብ አድርገው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ማማሰሌን አላቆምኩም።

ከፍትሐት መልስ ካህናቱ ገቡ፤ ቀጥሎ ሽማግሌዎች። ድስቱ ከእሳት ሳይወርድ በወጭት እየተቀዳ ወደ ዳሱ ይሄዳል። ሁሉ ነገር አምሮ ሳለ ከአሳላፊዎቹ አንዱ ግማሽ የቀረውን ወጭት ይዞ ተመለሰና ወደ ድስቱ ሊገለብጠው ሲል እጁን ያዝኩት።

«ምን ሆነሃል? ሰው አልነካውም!»

«ዳስ ውስጥ ቆይቶ በርዷል። ወደ ትኩሱ አይገባም።»

«የት ላድርገው ታዲያ? ለውሻ?»

«በትንሿ ድስት ለብቻው ይፍላ፤ ከዚያ አንተው ብላው።»

«ከሆነስ ምን ያጨቃጭቀናል!» ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ የሚመለሰው ወጭት በዛብኝ። ሆነ ብለው እያስተረፉ ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

ቀኑ ሲያዘነብል የመጨረሻዎቹ ገቡ፤ ከቤተ ልሔም የመጡ የቆሎ ተማሪዎች፣ ነዳያን፣ በመጨረሻም አሳላፊዎቹ ራሳቸው። ሦስተኛው ድስት የተከፈተው ለነሱ ነው። ክዳኑን ስናነሣ እንፋሎቱ ፊታችንን ገረፈን። ዳሱ ውስጥ እፍ እፍ የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከነዳያኑ መካከል ጠና ያሉ ባልቴት ነበሩ፤ በየተዝካሩ የማይጠፉ። አንድ ጊዜ ጎረሱና ጣታቸውን አራገቡ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ተዝካር በልቻለሁ» አሉ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ምላሴን ሲያቃጥለኝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው! እኛ የለመድነው የረጋ ቅባት ነው።»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ወንድሜም የበላው እሱን ነው። የረጋውን።

ሰው ሲነሣ እኒያው ባልቴት ከነጠላቸው ሥር አንዲት ትንሽ ማሰሮ አወጡ።

«ከወጡ ጨምርልኝ ልጄ። ለእሑድ፣ ለቅበላው።»

«እማማ፣ ወጡ እስከ እሑድ አይቆይም። እንጀራ ልስጥዎት። ሥጋም፣ ጥሬውን። ዘልዝለው ይሰቅሉታል፤ ሲፈልጉ ይቀቅሉታል።»

«የተሠራው እያለ ጥሬ?»

«አይሆንም እማማ።»

«ወንድምህ እንዲህ አልነበረም» አሉኝ። ይህ ወጋኝ። እውነትም ወንድሜ ቢሆን ማሰሮዋን እስከ አፏ ይሞላላቸው ነበር። ቢሆንም አልሰጠሁም። እንጀራውንና ሥጋውን ተቀብለው፣ ሳይመርቁኝ ሄዱ።

ያን ሌሊት ተኛሁ ለማለት አልችልም። ወንድሜን ሕመሙ የጀመረው በበላ ማግሥት ነው። ስለዚህ የምፈልገው መልስ የሚገኘው በማግሥቱ ነው። ማግሥቱ ደግሞ ዓርብ ነው፤ አርብ ገበያ ነው፤ ከተዝካሩ የበላ ሰው ሁሉ የሚወጣበት።

በጧት ተነሥቼ ገበያው መግቢያ ላይ ቆምኩ። ከአህያ ጋር የሚመጣውን፣ እህል የተሸከመውን፣ ፍየል የሚጎትተውን ሁሉ ፊቱን አየሁ። ያ እጅ መታጠብ ያሳቀው የወንፈል ጓደኛ ገብስ ጭኖ መጣ።

«ምነው እንደ ቀራጭ ሰው ላይ አፈጠጥክ?»

«ሆድህ እንዴት ነው?»

«ባዶ ነው! ዓርብ እኮ ነው» ብሎ አለፈኝ።

አባ በበቅሎ መጡ። ሳያስጠይቁኝ ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉና ሳቁ። ሽማግሌዎቹ መጡ። ተማሪዎቹ ቅል አንጠልጥለው ሲዞሩ አየኋቸው። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ስትሄድ ደረቴ እየቀለለኝ መጣ። ግን ባልቴቷ የሉም። ዓርብ ከገበያ የማይቀሩ ሴት ናቸው። ጠበቅሁ። የሚያውቋቸውን ጠየቅሁ፤ «ዛሬስ አላየናቸውም» አሉኝ። ከመጨረሻው ድስት የበሉ ናቸው። ዕድሜያቸውም ገፍቷል። ሁሉም ድኖ እሳቸው ቢታመሙስ? ገበያውን ከእህል ተራ እስከ ከብት ተራ አቋረጥኩ። እየሮጥኩ ነበር መሰለኝ።

ያገኘኋቸው እንጨት ተራ ነው። አንድ እንጨት ሻጭ ላይ ቆመው ይጮኻሉ። እኔን ሲያዩ ጩኸታቸውን ወደ እኔ አዞሩት።

«ይኸው መጣ! ሥጋ ሰጥቶ እንጨት የነሣኝ! የተሠራውን ብትሰጠኝ ኖሮ አሁን በየእንጨት ሻጩ እግር ሥር እወድቅ ነበር? እናንተ በሦስት እሳት ቀቅላችሁ፣ እኔ በምን ልቀቅለው? በምርቃት?»

ድምፃቸው ገበያውን ይሞላል። ፊታቸው ቀልቷል፤ ዓይናቸው ያበራል። ጤነኛ ሰው እንደዚያ ይቆጣል እንጂ የታመመ አይቆጣም። በእውነት ደግሞ ልክ ነበሩ። ድሬሰሩ ይንተክተክ ሲል እንጨቱን አልተናገረም። እኔም አላሰብኩትም።

«እንጨቱን እኔ እገዛለሁ፣ እማማ» አልኳቸው።

«ማን ሊሸከመው?»

«እኔው።»

ሻጩ የባሕር ዛፉን ጭነት ትከሻዬ ላይ አስተካከለልኝ። እሳቸው ከፊት ከፊት እየሄዱ፣ ዞር እያሉ፣ ስለ ወጡ፣ ስለ ጨዋነት፣ ስለ ዘመኑ ተማሪ ሁሉ ይነግሩኛል። ቤታቸው ሩቅ ነው። ቃላቸው አላለቀም። እኔም እንዲያልቅ አልፈለግሁም።